መዝገቡ የልጁ ነው

ኦገስት ሲገባ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ይጣደፋሉ። በሁለቱም ቦታ «ልጄን በመጪው ዓመት የማስተምረው ቤት ነው» የሚለው ማሳወቂያ መግባት ያለበት እስከ ኦገስት 15 ነው፤ በጎረቤት ሜሪላንድ ደግሞ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ። ማሳወቂያው አጭር ነው። ጊዜ የሚበላው ከጎኑ የሚዘጋጀው የዓመቱ ዕቅድ ነው፤ መጽሐፍ ተመርጦ ይገዛል፣ ሠንጠረዥ ይሰመራል፣ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ያለው እያንዳንዱ ሰኞና ማክሰኞ በየትምህርት ዓይነቱ ይሞላል። ድካሙ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ለዕቅድ ከሚፈሰው ጉልበት ግማሹ እንኳ የተሠራውን ለመመዝገብ ቢውል፣ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይዞት የሚወጣ ነገር ይኖረዋል። ዕቅድ የወላጁ መሣሪያ ነው፤ ሲያስፈልግ ይሰረዛል፣ ይቀደዳል። መዝገብ ግን የልጁ ንብረት ነው፤ ሕግ ጠየቀም አልጠየቀም ሊያዝለት ይገባል።

ቤት ማስተማር የጥቂት ለየት ያሉ ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በኮቪድ ወቅት ባካሄደው ጥናት፣ ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች መካከል ቤት እናስተምራለን ያሉት እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት መኸር 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ቁጥሩ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዳላስ እስከ ሲያትል የሚኖሩ የእኛ ቤተሰቦችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። አንዱ በሃይማኖቱ ምክንያት ይጀምረዋል፤ ሌላው ኦቲዝም ያለበት ልጁ በሰላሳ ተማሪ መሐል ጠፍቶበት፤ ሌላዋ ደግሞ ልጇ አማርኛውን ሳይረሳ እንዲያድግ ፈልጋ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ትምህርት ቤት ያለማንም ትዕዛዝ ይሠራው የነበረው የመመዝገብ ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

አሜሪካ ውስጥ ትምህርት የክፍለ ግዛት ሥልጣን በመሆኑ፣ ምን ያህል መመዝገብ እንዳለበት ለወላጁ የሚነግረው አድራሻው ነው። ሜሪላንድ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እንዲሰጡ ታዛለች፤ የልጁ ጽሑፎች፣ መልመጃዎቹ፣ ፈተናዎቹና ያነበባቸው ነገሮች የሚሰባሰቡበት ፖርትፎሊዮም እንዲኖር ትጠይቃለች። ወላጁ በአንድ የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ካልገባ በቀር፣ የካውንቲው ሰው ይህን ማህደር በዓመት ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ያያል። ቨርጂኒያ ማህደር አትፈልግም፤ የዓመቱን ፍሬ በሚቀጥለው ኦገስት 1 ማየት ይበቃታል፤ ያም የደረጃ ፈተና ውጤት ወይም ብቃት ያለው ሰው የጻፈው የግምገማ ደብዳቤ ነው። እዚያው ቨርጂኒያ በሃይማኖት ምክንያት ነፃ የተደረገ ቤተሰብ ግን ይህንንም አያቀርብም። ፔንሲልቬንያ ጠበቅ ታደርጋለች፤ በዓመት 180 ቀን፣ ወይም ለአንደኛ ደረጃ 900 ለሁለተኛ ደረጃ 990 ሰዓት እንዲሞላ፣ የዕለት መዝገቡም ትምህርቱ በተሰጠበት ጊዜ እንዲጻፍና የተነበቡት መጻሕፍት በየርዕሳቸው እንዲሰፍሩበት ትላለች። ቴክሳስ ከሌላው ጫፍ ናት፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1994 የቤት ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት እንዲታይ ከወሰነ ወዲህ፣ ገና ከጅምሩ ቤት የሚያስተምር ወላጅ ለማንም ማሳወቅ፣ ማንንም ማስፈተን፣ ምንም ነገር ማስገባት የለበትም።

እንግዲህ ያው አንድ ልጅ ፊላደልፊያ ቢያድግ የአሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ ይኖረዋል፤ ሂውስተን ቢያድግ ምናልባት አንድ ወረቀት እንኳ አይኖረውም። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ዓለም ግን አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ወታደራዊ ምልመላው፣ አሠሪው ሲጠይቁት «ያደግኩት ቴክሳስ ነው» ብሎ አያመልጥም። የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም፤ የቤት ኪራይ ሲወደድበት፣ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ዕቃውን ጭኖ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይሄዳል፤ ጠቅልሎ አዲስ አበባ የሚገባም አለ። አዲስ አበባ ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ ደግሞ ያለፉትን ክፍሎች ውጤት መጠየቁ አይቀርም። የመዝገቡን መጠን በሚኖርበት ቦታ ሕግ ልክ የሰፋ ወላጅ፣ ቦታውን ሲለቅ ሕጉ አብሮት እንደማይሄድ የረሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ አንዲት የቴክሳስ ወጣት ያሰራጨችው አጭር ቪዲዮ ብዙ ሰው አነጋግሮ ነበር። ቤት ተወልዳ፣ ቤት ተምራ ያደገች ናት፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሆስፒታልም የትምህርት ቤትም ማስረጃ አልነበራትም። ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ መንጃ ፈቃድ ማውጣትም፣ ሥራ መቀጠርም፣ ኮሌጅ መግባትም አልቻለችም፤ የተወለደችበት አገር ዜጋ መሆኗን የሚያሳይላት አንድም ወረቀት ጠፋ። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የልጁን የልደት ማስረጃ ለማሟላት እንቢ የሚል ወላጅ በሕግ እንዲጠየቅ ወሰኑ። ጉዳዩ ከጫፍ የወጣ ነው፤ ዋናው ጉድለትም የትምህርት ሳይሆን የልደት ማስረጃ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር አጋልጧል። ለሌሎች ልጆች፣ ማንም ሳያስበው፣ የመማሪያ ክፍል ስም መጥሪያ ራሱ ይህ ሰው በዚህ ዓመት እዚህ ነበር ብሎ ይመሰክርላቸዋል። የቤት ተማሪ ይህ ምስክር የለውም፤ ወላጁ ካልጻፈለት ማንም አይጽፍለትም።

ሕጉም ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል። በ1974 የወጣው የአሜሪካ የትምህርት መረጃዎች ሕግ ከፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ገንዘብ በሚያገኝ ተቋም ለተማረ ሰው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በመዝገቡ ላይ ያለውን መብት ከወላጆቹ አውጥቶ ለራሱ ይሰጠዋል፤ መዝገቡን ማየት፣ ስሕተት ሲያገኝ ይታረምልኝ ማለት ይችላል። ሕጉ የሚያስረው ተቋማትን ነው፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛን አያውቅም። ቤት የተማረ ወጣት እናቱ ማህደሩን ብትጥለው፣ አባቱ ተጣልቶት ቢከለክለው፣ ወላጆቹ ሲፋቱ ወረቀቱ መሐል ቤት ቢቀር የሚከስበት ጽሕፈት ቤት የለውም። ለዚህ ነው መዝገቡን የወላጅ የግል ወረቀት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው የምለው። ሌላው ልጅ በሕግ የሚያገኘውን፣ ይህኛው የሚያገኘው በወላጁ ትጋትና ፈቃድ ብቻ ነው።

በእኛ ባህል ልጅን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጪ ማስተማር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወረቀት አልባ መሆኑም አያሳፍርም ነበር። የቤተ ክህነቱ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት ገብቶ ሲወጣ ትራንስክሪፕት አልያዘም። የያዘው የመምህሩን ስም ነው። «ከማን ተማርክ?» ይባላል፤ የመምህሩ ስም ሲጠራ ጠያቂው ሌላ ጥያቄ አያነሳም፤ ቢጠራጠር ደግሞ እዚያው አስቀምጦ ያስብለዋል። ያ ሥርዓት ያለወረቀት የቆመው ምስክሮች ስለነበሩት ነው፤ መምህሩን የሚያውቅ ደብር፣ አብረው የቀጸሉ ጓደኞች፣ ዳዊት የደገመበትን ቀን የሚያስታውስ መንደር። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እናቱ የምታስተምረው ልጅ ይህ ሁሉ የለውም። ኮሌጁ የእናቱን ስም ቢሰማ አያውቃትም። የጠፋውን ምስክር የሚተካለት በየጊዜው የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው።

ስለ ዕቅድ ይህን ያህል ብናገርም፣ ያለ ዕቅድ ይኑር ማለቴ አይደለም። የማይሠራው ቀን የተጻፈበት ዕቅድ ነው። ኦገስት ላይ «ኦክቶበር 3፣ ትምህርት 21» ተብሎ የተሞላ ሠንጠረዥ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ትኩሳት ሲይዘው ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ሐሰት ይሆናል። እናት አንድ ምሽት ሙሉ ታርማለች፤ በወሩ ደግሞ እንግዳ ይመጣል፣ ልደታ ወይም ገና ይደርሳል፣ እንደገና ይፈርሳል። ሦስተኛው ላይ ሠንጠረዡ ይተዋል፤ ከእሱ ጋር መዝገቡም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን የሚይዘው በአንድ ወረቀት ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቅዱ ላይ ቁጥር እንጂ ቀን አይጻፍ፤ ትምህርት 1፣ ትምህርት 2 እያለ በቅደም ተከተል ይሂድ፣ ከስድስት ሳምንት በላይም በዝርዝር አይወጣ። ቀን የሚጻፈው ሥራው ከተሠራ በኋላ በመዝገቡ ላይ ነው። ትኩሳቱ ዕቅዱን ያዘገየዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ መዝገቡም የተመኙትን ሳይሆን የሆነውን ይናገራል።

የሆነውን የሚናገር መዝገብ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን እንውሰድ። «ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12። ሒሳብ፦ ክፍልፋይ ማካፈል፣ ገጽ 84–86፤ ገልብጦ ማባዛቱ ገብቶታል፣ ድብልቅ ቁጥር ላይ ሦስቱን ሳተ። ንባብ፦ ምዕራፍ 7፣ ለራሱ፣ 25 ደቂቃ። ሳይንስ፦ ቡቃያው 9 ሳንቲሜትር ደርሷል፣ ሥዕሉ ማህደር ውስጥ ገብቷል። ታሪክ አልተነካም፤ የጥርስ ሐኪም።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ይህ አጭር ጽሑፍ የገጽ ቁጥር አለው፤ ስለዚህ የትኛው መጽሐፍ እስከየት እንደተሄደበት ይታወቃል። ስሕተት አለው፤ ስለዚህ የሐሙሱን ትምህርት ይወስናል፤ ድብልቅ ቁጥር ይደገማል። ያልተሠራውንም ከነምክንያቱ ይዟል፣ እውነተኛ መዝገብን ከተዋበ መዝገብ የሚለየውም ይኸው ነው። በየወሩ ደግሞ ከእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ ሁለት ወረቀት፣ ከወሩ መጀመሪያና ከወሩ መጨረሻ፣ ቀን ተጽፎበት ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሁሉን ማስቀመጥ የሚወዱ ወላጆች አሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ካርቶኑ ቁም ሣጥን ይሞላል፣ ሲፈለግ ምንም አይገኝበትም። የሴፕቴምበሩና የሜይው ድርሰት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያሳዩትን ለውጥ መቶ መልመጃ አያሳይም።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ ቸልተኝነትም ዋጋ የሚያስከፍለው ከዚህ ጀምሮ ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠረው በክሬዲት ነው፤ አንድ ክሬዲት ከካርኔጊ ፋውንዴሽን ዘመን ጀምሮ በልማድ 120 ሰዓት ያህል ትምህርት ማለት ነው። ወላጁ ትራንስክሪፕቱን ራሱ ያዘጋጃል፣ ራሱ ይፈርማል፤ ልጁ በኮመን አፕ ለኮሌጅ ሲያመለክት የአማካሪውን ቅጽ የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ወላጅ ነው። የኮሌጅ ስፖርት የሚመኝ ልጅ ካለ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን አንድ በአንድ ያያል፤ ምን መጽሐፍ፣ ማን አስተማረ፣ እንዴት ተመዘነ ይላል። ይህን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኖቬምበር ላይ ከማስታወስ መሙላት መከራ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ አንቀጽ የጻፈ ወላጅ ግን ገልብጦ መላክ ብቻ ይቀረዋል። አማርኛን እንውሰድ። ልጁ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይማራል፣ ቤት ያነባል፣ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ሰዓቱ ካልተቆጠረ፣ ደብዳቤዎቹ ካልተቀመጡ፣ ኮሌጁ የሚያየው «ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ» ነው። ከተመዘገበ ግን የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሆናል፤ የቋንቋ ችሎታን በሚመዝን እውቅና ያለው ፈተና ከተደገፈ ደግሞ ማንም አይከራከረውም። የአራት ዓመት የውጭ ቋንቋ ትምህርት ሳይመዘገብ መቅረቱ ያስቆጫል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከቤት ትምህርት ደጋፊዎች ራሳቸው ይመጣል። ከትምህርት ቤት የወጣነው ከቅጽና ከሠንጠረዥ ለመሸሽ ነው፤ ቢሮክራሲውን ቤታችን ድረስ ለምን እናመጣዋለን ይላሉ። ከኋላቸው ጠንካራ አስተሳሰብ አለ፤ ጆን ሆልት በ1977 ስለ ቤት ትምህርት መጽሔት ሲጀምር ልጅ የሚማረው በመኖር ነው፣ ትምህርትን እየቆራረጡ መለካት ይገድለዋል የሚል እምነት ነበረው። ተቃውሞው በዕቅድ ላይ ቢነሳ እስማማለሁ። በመዝገብ ላይ ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ይገለበጣል። የታተመ ሥርዓተ ትምህርት የሚከተል ቤተሰብ መዝገቡ ቢጠፋ እንኳ መጽሐፉን አሳይቶ ይህን ተማረ ሊል ይችላል። ልጁን በፍላጎቱ የሚመራ ቤተሰብ ግን የሚያሳየው መጽሐፍ የለውም፤ ልጁ ሦስት ሳምንት ስለ ድልድይ ሲጠይቅ፣ ሲሥል፣ በካርቶን ሲሠራ የነበረው ካልተጻፈ እንዳልነበረ ነው። ነፃ በተሆነ ቁጥር የመዝገቡ አስፈላጊነት ይጨምራል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ወላጅ ራሱ አስተማሪ፣ ራሱ ፈታኝ፣ ራሱ መዝጋቢ ከሆነ መዝገቡ ምን ይታመናል? እናት ለልጇ ኤ ብትሰጥ ማን ይገረማል? በ2018 በካሊፎርኒያ ፔሪስ ከተማ አሥራ ሦስት ልጆች በገዛ ቤታቸው ታስረው ሲሠቃዩ የተገኙት በወረቀት ላይ በግል ትምህርት ቤትነት በተመዘገበ ቤት ውስጥ ነበር። መዝገብ በደልን ይከላከላል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ እኔ አብሬው አልቆምም፤ ክፉ ወላጅ ወረቀት መሙላት አያቅተውም። ለእንዲህ ያለው ጉዳት ልጁን በዓይኑ የሚያይ ሐኪም፣ ጎረቤት፣ ዘመድ ነው የሚያስፈልገው። ለቅን ወላጅ ልጅ ግን መዝገቡ እንዲታመን የሚያደርጉ ነገሮች አሉ፤ ስሕተቱ ሳይሰረዝ የተቀመጠ የልጁ ሥራ፣ ከቤት ውጪ ያለ ሰው የጻፈው ግምገማ፣ የደረጃ ፈተና፣ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በኖቫ የተወሰደ አንድ ሁለት ኮርስ። የእናት ኤ ለብቻው ሲቆም ያጠራጥራል፤ ከኮሌጁ ቢ ፕላስ አጠገብ ሲቆም ግን ሚዛኑ ይታወቃል።

ጊዜ የለንም የሚለውስ? ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ አንዱ ሌሊት ሌላው ቀን እየወጡ በፈረቃ የሚያስተምሩ ባልና ሚስት የዕለት መዝገብ የሚሉትን ሲሰሙ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ሆኖም በፈረቃ ለሚያስተምር ቤት ነው መዝገቡ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፤ ማታ የሚገባው አባት ጠዋት እናት የት እንዳቆመች የሚያውቀው ከደብተሩ ነው። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ለካውንቲው የሚቀርበው ክፍል ብቻ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ። የመጻሕፍቱ ርዕስ ግን እንዳለ ይገልበጥ፤ ኋላ የሚፈለገው እሱ ነው። ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ ብዕሩን ራሱ ይይዛል፤ የዕለቱን ሥራ በሁለት መስመር መጻፍ ራሱ የጽሕፈት ትምህርት ነው፣ ወላጁ ማየትና ማረም ይቀረዋል።

የመጨረሻው ፍርሃት መንግሥት ነው። ብዙ ከመዘገብን ብዙ ይጠይቁናል፤ ዛሬ በፈቃዳችን ያሳየነው ነገ ግዴታ ይሆናል የሚሉ አሉ፣ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። በ2025 በኢሊኖይ ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች እንዲያሳውቁ፣ ሲጠየቁም የልጁን ማህደር እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ረቂቅ ሲቀርብ ሺዎች ዋና ከተማዋ ስፕሪንግፊልድ ድረስ ሄደው ተቃውመውታል። እኔ ግን መያዝንና ማስረከብን አንድ አድርጎ ማየት ነው ስሕተቱ እላለሁ። ፔንሲልቬንያ በ2014 ሕጓን ስታሻሽል የዕለት መዝገቡንና ማህደሩን አልተወችም፤ የተወችው ወላጁ ማህደሩን ተሸክሞ ለትምህርት ኃላፊው ማቅረቡን ነው። አሁን ማህደሩን የሚያየው ወላጁ ራሱ የመረጠው ብቃት ያለው ገምጋሚ ነው፤ ለኃላፊው የሚደርሰው «ተገቢ ትምህርት እየተሰጠ ነው» የሚል ማረጋገጫ ብቻ ነው። የኢሊኖይ ረቂቅ ይህን መንገድ ይዞ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው በግማሽ በቀነሰ ነበር። ሕጉ እስኪስተካከል ግን ወላጁ ለራሱ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ቨርጂኒያ የትምህርት ዓይነቶችን ዝርዝር ከጠየቀች ዝርዝሩን ብቻ ያስገባል፤ ደብዳቤው በሪኮማንዴ ይላካል፣ ደረሰኙና የደብዳቤው ቅጂ በዚያ ዓመት ፋይል የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታሰራሉ፣ ከእነሱ በስተኋላ ያለው ሁሉ ቤት ይቀራል።